የደወል ኳየር መሪዋ ስንት ይከፈላት?

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ወሬዬ ስለ አንዲት የበጀት መስመር ነው። ብዙ የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ዓመታዊ በጀታቸውን ሲያወጡ፣ ከኦርጋን ጥገናው ዝቅ ብሎ «የእጅ ደወል ዳይሬክተር፣ ፓርት ታይም» የሚል ይገኛል። አጠገቡ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ማን እንደወሰነው ብትጠይቁ የሚያስታውስ ሰው አታገኙም። አምና የነበረው ነው። አምና ደግሞ ካቻምና የነበረው ነው።

እዚህ ካላችሁት ውስጥ በምትገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን የፋይናንስ ወይም የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴ ውስጥ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሒሳብ የሚችል ሀበሻ ከተገኘ ኮሚቴ ውስጥ ሳያስገቡት አይለቁትም። እንግዲህ ያቺ መስመር አንድ ቀን እናንተ ፊት ትመጣለች። ያኔ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ደወል ለመደወል ይከፈላል እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው አያስቆጣም። መልሱን ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ፣ የማወራው ማማ ላይ ስለሚንጠለጠለው ደወል አይደለም። ይሄ በእጅ የሚያዝ የነሐስ ደወል ነው። መያዣ አለው። ምላሱ በስፕሪንግ የተያዘ ስለሆነ ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ነው የሚመታው። ደዋዩ ወደፊት ወርወር አድርጎ ይደውለዋል፤ ድምፁን ማጥፋት ሲፈልግ ትከሻው ሥር ያስጠጋዋል። እያንዳንዱ ደወል አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ሦስት ኦክታቭ (አንድ ኦክታቭ ከ«ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ያለው ነው) ያለው ስብስብ 37 ደወሎች አሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ 11 ሰው ይደውለዋል። አምስት ኦክታቭ ከሆነ 61 ደወል ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የክፍያው ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። በተራው የመዝሙር ኳየር ውስጥ አንዲት ሶፕራኖ ብትቀር ሌሎቹ ይሸፍኑላታል። ምእመኑም ላያውቅ ይችላል። በደወል ኳየር ግን ዜማው ራሱ ለሰዎቹ ተከፋፍሏል። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ደወል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይደርሰዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ችግሩ፣ እዚህ አንዱ ሰው ሎሚውን ይዞ ቢቀር ጌጡ ቀዳዳ ያወጣል። «ሶል» የሚባለውን ድምፅ የያዘው ሰው ካልመጣ መዝሙሩ ውስጥ «ሶል» የለም። በቃ፣ የለም።

ስለዚህ መሪዋ ረቡዕ ማታ ልምምድ ካላት፣ ረቡዕ ከሰዓት ስልክ ላይ ናት። አንዱ ሕፃን ልጁ አሞታል። ሌላው ሥራ ቦታ ዘግይቷል። ምትክ ትፈልጋለች። ምትክ ካላገኘች ደግሞ ኖታውን ዘርግታ ደወሎቹን እንደገና ታከፋፍላለች። ይሄ ቀላል አይደለም። የባስ ደወሎቹ ከባድ ናቸው፤ አንጓው የሚያመው ሰው ላይ አይጫኑም። አንዱ ኖታ አንባቢ ነው። ሌላዋ አታነብም፤ የቀኝ እጇ ኖታ በአንድ ቀለም፣ የግራ እጇ ኖታ በሌላ ቀለም ተከብቦ ካልተሰጣት አትከተልም። ማን ከማን አጠገብ ሊቆም እንደሚችል፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀያየመ ሳይቀር ታውቃለች። ይሄን ሁሉ የምታደርገው ኮሚቴው «አንድ ሰዓት ተኩል ልምምድ» ብሎ ከመዘገበው ውጭ ነው።

የጉልበቱ ሥራም አለ። ጠረጴዛዎቹ ይዘረጋሉ። ወፍራም ስፖንጅ ይነጠፍባቸዋል፣ ጨርቅ ይለብሳሉ። ደወሎቹ ከሻንጣቸው እየወጡ በተራቸው ይደረደራሉ። ሁሉም በጓንት ነው፤ የጣት ቅባት ነሐሱን ያጠቁረዋል። ካበቃ በኋላ እያንዳንዱ ተወልውሎ ይመለሳል። የላላ ብሎን፣ የደከመ ስፕሪንግ ካለ እሷ ናት የምታስተካክለው። ከአቅሟ በላይ ከሆነ ወደ ሠሪው ፋብሪካ ይላካል። ሁለቱ የታወቁ የአሜሪካ ደወል ሠሪዎች፣ ማልማርክና ሹልመሪክ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ናቸው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ቤተ ክርስቲያን ልክ ቀይሯቸው።

በጀቱ ላይ 3,000 ዶላር ተጽፏል እንበል። የደወል ወቅት ከመስከረም እስከ ግንቦት፣ 36 ሳምንት ነው እንበል። ኮሚቴው የሚያየው በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ልምምድ ነው። 36 ጊዜ 1.5፣ 54 ሰዓት። 3,000 ለ54 ሲካፈል በሰዓት 55 ዶላር ከ56 ሳንቲም ይመጣል። ኮሚቴው «እሰይ፣ ጥሩ ነው የምንከፍላት» ይላል። አንዳንዱም በልቡ በዛ ይላል።

እስቲ እንደገና እንቁጠረው። ልምምዱ አንድ ሰዓት ተኩል። መዘርጋትና መሰብሰብ አንድ ሰዓት። ኖታ ማጥናት፣ ደወል ማከፋፈል፣ ምልክት ማድረግ አንድ ሰዓት ተኩል። ስልክና ኢሜል ግማሽ ሰዓት። ድምሩ በሳምንት አራት ሰዓት ተኩል። በ36 ሳምንት 162 ሰዓት። በወር አንድ እሑድ በአምልኮ ላይ ይደውላሉ፤ በዘጠኝ ወር ዘጠኝ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ከአምልኮው በፊት ያለውን ማሟሟቂያ ልምምድና ዕቃ ማንሳቱን ጨምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል። ይሄ 22.5 ሰዓት ነው። ለገናና ለፋሲካ ተጨማሪ ልምምድ 10 ሰዓት። የሠራተኞች ስብሰባ በዓመት 10 ሰዓት። በክረምት ለቀጣዩ ዓመት መዝሙር መምረጥ፣ ማዘዝ፣ ደወሎቹን መመርመር 20 ሰዓት። አንድ ላይ 224.5፣ 225 በሉት።

አሁን 3,000ን ለ225 አካፍሉት። 13 ዶላር ከ33 ሳንቲም።

ሜሪላንድ ውስጥ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከ2024 ጥር ጀምሮ 15 ዶላር ነው። ዲሲ ውስጥ በዚያው ዓመት ሐምሌ 17 ዶላር ከ50 ገብቷል። የፌዴራሉ 7.25 ከ2009 ጀምሮ ፈቀቅ ያላለ ስለሆነ እሱን መለኪያ አድርጎ ማምጣት ራሱ ያሳፍራል። ሕጉ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ላይ እንዴት እንደሚሠራ ጠበቃ ይንገራችሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። የሙዚቃ ዲግሪ ያላትን ሰው ቡና ከሚቀዳው ልጅ ባነሰ እየከፈሉ «ጥሩ ነው የምንከፍላት» ማለት አይቻልም። ያውም ልጁ ጉርሻ አለው።

ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ይሄን ያዙ፦ ደሞዝ ከመወሰናችሁ በፊት መሪዋን አንድ ወር ሰዓቷን እንድትመዘግብ ጠይቋት። ልትቆጣጠሯት ሳይሆን ልታውቁት። እሷም ራሷ አታውቀውም ይሆናል። ይሄን ሥራ የሚወዱ ሰዎች ሰዓት አይቆጥሩም፤ ጉዳቱም ከዚያ ነው የሚመጣው።

በሰዓት ስንት ይሁን ታዲያ? እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለ። የአሜሪካ ኦርጋን ተጫዋቾች ማኅበር የተመሠረተው በ1896 ነው። ቀደም ሲል ለቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኞች የደሞዝ መመሪያ ያወጣ ነበር፤ የትምህርት ደረጃንና የሥራ ሰዓትን ያገናዘበ ነበር። የእጅ ደወል ግን አመጣጡ ሌላ ነው። ማርጋሬት ሸርክሊፍ የምትባል የቦስተን ሴት በ1902 ለንደን ሄዳ ከዋይትቻፕል የደወል ፋብሪካ የተሰጣትን የእጅ ደወሎች ይዛ ተመለሰች። ከወዳጆቿ ጋር መደወል ጀመረች። አገር አቀፍ ማኅበር የተቋቋመው በ1954 ነው፤ ዛሬ የአሜሪካ የእጅ ደወል ሙዚቀኞች ይባላል። ነገሩ ሳሎን ውስጥ በወዳጅነት ተጀምሮ፣ በወጣቶችና በበጎ ፈቃደኞች በኩል ነው ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባው። በእኔ አስተያየት ዛሬም ድረስ የኦርጋን ተጫዋቹ ክፍያ «ደሞዝ»፣ የደወል መሪዋ ክፍያ «ምስጋና» መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መነሻ ካጣችሁ ሩቅ አትሂዱ። የራሳችሁን ኦርጋን ተጫዋች ወይም የኳየር መሪ ተመልከቱ። እሱ የሚያገኘውን ለትክክለኛ ሰዓቱ አካፍሉት፤ ዝግጅቱንም ጨምራችሁ። የእሷም ከዚያ አካባቢ ይሁን። ትምህርትና ልምድ እኩል ሆኖ ክፍያው ግማሽ ከሆነ ምክንያቱን በአፋችሁ መናገር መቻል አለባችሁ። ጮክ ብላችሁ ስትናገሩት የማይረባ ምክንያት ከሆነ ያኔ ይገባችኋል። ሌላው መለኪያ፣ በአካባቢያችሁ የግል የሙዚቃ አስተማሪ ለአንድ ሰዓት የሚያስከፍለው ነው። ይሄን በስልክ አምስት ደቂቃ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ለምሳሌያችን በሰዓት 30 ዶላር እንውሰድ። 225 ጊዜ 30፣ 6,750 ዶላር። በ12 ወር ሲከፋፈል በወር 562 ዶላር ከ50። ከ3,000 ጋር ሲተያይ እጥፍ ከምናምን ነው። «ከየት ይምጣ?» ትላላችሁ። እመጣበታለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ብዙ ቤተ ክርስቲያን የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ኮንትራክተር የሚሉት ነገር፤ ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ገንዘብ ያዡ «1099 እንስጣትና እንገላገል» ይላል፤ 1099 ለኮንትራክተር የሚሰጠው የታክስ ቅጽ ነው። ፔይሮል የለም፣ ወረቀት የለም፣ ቀላል ነው። ለማን ነው የቀለለው?

ተቀጣሪ ከሆነች ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና) ከደሞዟ 7.65 በመቶ ይቆረጣል፤ ቤተ ክርስቲያኗም በበኩሏ 7.65 ትጨምራለች። በ6,750 ዶላር ላይ ከእያንዳንዱ 516 ዶላር ገደማ ነው። ኮንትራክተር ካላችኋት ሁለቱንም ድርሻ እሷ ትሸከማለች፤ 15.3 በመቶ። የምትቀንሰው ወጪ ከሌላት በዚሁ ገንዘብ 954 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያኗ «አላወጣሁም» ያለችውን አብዛኛውን እሷ አወጣችው ማለት ነው።

ደግሞም ምርጫው የእናንተ አይደለም። የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ አይ.አር.ኤስ፣ የሚያየው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ ዕቃውና ወጪው የማን እንደሆነ፣ ግንኙነቱም ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ልምምዱ ረቡዕ በአንድ ሰዓት ይሁን ያላችሁ እናንተ ናችሁ። አዳራሹ የእናንተ ነው፣ ደወሎቹ የእናንተ ናቸው፣ የሙዚቃ አገልጋዩ አለቃዋ ነው፣ በየዓመቱ ትቀጥላለች። ይሄ ተቀጣሪ ነው። ሁለታችሁም «ኮንትራክተር ነኝ»፣ «ነሽ» ብላችሁ ብትፈራረሙ እንኳ አይለወጥም። ለአንድ ቅዳሜ ተጋብዞ ሥልጠና ሰጥቶ የሚሄድ ሰው ሌላ ነገር ነው። ለእሱ 1099 ይሆናል።

አንዱ ደግሞ «እንደ ፓስተሩ የቤት አበል እንስጣትና ታክስ ይቅርላት» ሊል ይችላል። ያ ለተሾሙ አገልጋዮች የተፈቀደ ነው። እሷ ካልተሾመች አይሠራም።

በሥራ ውሏ ላይ በጽሑፍ የሚሰፍረውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ገጹ አንድ ቢሆን ይበቃል። ስንት ልምምድ፣ ስንት እሑድ፣ ለማን ነው ተጠሪነቷ፣ በረዶ ጥሎ ልምምድ ቢሰረዝ ይከፈላታል ወይ፣ ብትታመም ምትኳን ማን ይከፍላል። (በረዶ ሲጥል ይከፈላት። የዚያን ሳምንት ዝግጅቷን ጨርሳለች።) ሠርግና ቀብር ላይ ለብቻዋ ተጠርታ ስታገለግል ክፍያው ከደሞዙ ውጭ ይሁን፤ የሚከፍለውም ባለጉዳዩ ቤተሰብ ይሁን ወይም ቤተ ክርስቲያኗ አስቀድሞ ይታወቅ። ሙሽሮች ፊት ስለ ገንዘብ የምትደራደረው እሷ መሆን የለባትም።

የኖታ መግዣው ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ለ11 ደዋይ ለእያንዳንዱ ኮፒ ያስፈልጋል። የቅጂ መብት ያለውን ኖታ ያለ ፈቃድ ፎቶ ኮፒ ማድረግ የቅጂ መብት ጥሰት ነው። ብዙ ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ግጥም ስክሪን ላይ ለማሳየት የሚከፍለው የሲ.ሲ.ኤል.አይ ፈቃድ ይሄን አይሸፍንም፤ እሱ ጉባኤው አብሮ ለሚዘምረው ነው። ስለዚህ ኖታ፣ ጓንትና የደወል ጥገና የራሳቸው በጀት ይኑራቸው። ያ በጀት ከሌለ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። መሪዋ ከኪሷ ትገዛለች። ደረሰኙንም አታመጣም። ከደሞዟ ላይ በዓመት ስንት እንደተመለሰላችሁ አታውቁም።

አሁን ወደዚያ ጥያቄ። ገንዘብ ከሌለስ?

ከሌለ ሥራውን ቀንሱ። ደሞዙን ቀንሳችሁ ሥራውን እንዳለ መተው ነው የማይሆነው። ደግሞ ሥራውን መቀነስ እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። የደወል ኳየር ዓመቱን ሙሉ መደወል የለበትም። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ገና አንድ ወቅት፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ከፋሲካ በፊት ስምንት ሳምንት ሌላ ወቅት ማድረግ ይቻላል። ሁለት ኦክታቭ ብቻ ብትጠቀሙ ደወሉ 25፣ ደዋዩ ስምንት ይሆናል፤ ስልኩም መዘርጋቱም ይቀንሳል። በወር አንዴ የነበረውን እሑድ በዓመት አራት ጊዜ ማድረግ ይቻላል። መዘርጋትና መሰብሰቡን ከደዋዮቹ ሁለት ሰው በተራ ቢይዘው በምሳሌያችን ብቻ 36 ሰዓት ከእሷ ላይ ይነሳል። ይሄ በ30 ዶላር ሒሳብ 1,080 ዶላር ነው፤ አንድም ሳንቲም ሳይወጣ።

የጎደለውን በአንድ ዓመት መሙላት ካልተቻለ በሦስት ዓመት ሙሉት። ግን ጻፉት። «በሚቀጥለው ዓመት እናያለን» የሚለው ቃል በሚቀጥለው ዓመትም ያው ነው የሚባለው።

ንግግሬን ስጨርስ አንዲት እህት ጥሩ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ መልሱን እዚህ ጨምሬዋለሁ። «የእኛዋ መሪ የቤተ ክርስቲያኗ አባል ናት። ለጌታ ነው የማገለግለው፣ ገንዘብ አልፈልግም ትላለች። ምን እናድርግ?»

ፍላጎቷን አክብሩ፤ በነፃ ማገልገል መብቷ ነው። መጽሐፉም «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል» አለ እንጂ ሠራተኛው ካልተቀበለ ኃጢአት ነው አላለም። ግን በጀቱ ላይ ቦታዋን ዜሮ አታድርጉት። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ሙሉ ደሞዟን ክፈሏት፤ የፈለገችውን ያህል መልሳ በስጦታ ትስጥ። እንዲያ ስታደርግ የስጦታ ደረሰኝ ታገኛለች። በአሜሪካ የታክስ ሕግ የሰጠችው ሰዓት ዋጋ አይቀነስላትም፤ የሰጠችው ገንዘብ ግን እንደ ሁኔታው ሊቀነስላት ይችላል። ሁለተኛው፣ በበጎ ፈቃደኝነት ከቀጠለች ቤተ ክርስቲያኗ የሥራውን ዋጋ በየዓመቱ በበጀቱ ላይ ታስፍር፣ አጠገቡም «በስጦታ የተሸፈነ» ተብሎ ይጻፍ።

እኚህ እህት «ለምን ይደክማል፣ ገንዘቡ ካልወጣ?» አሉ። እሷ አንድ ቀን ትሄዳለች። ልጇ ወልዳ ወደ ሌላ ስቴት ትሄዳለች፣ ወይም ክንዷ ይደክማል። ያኔ ማስታወቂያ ታወጣላችሁ። በጀታችሁ ላይ ዜሮ ከሆነ፣ ለሚመጣው ሰው 1,500 ዶላር ማቅረብ ራሱ ትልቅ ጭማሪ መስሎ ይታያችኋል። 6,750 ተብሎ ተጽፎ ከቆየ ግን ጉባኤው ቁጥሩን ለምዶታል። የምትቀጥሯትም ሰው ከዚያ ላይ ትጀምራለች።